የሰማያዊው ቦይለር ስድስተኛ ሰው

አሁን ደግሞ ቧንቧው ጀመረ። ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው እጁን ይታጠባል፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሽው እያለ ይወርዳል፣ ታች የማሞቂያው ቱቦ ኳ፣ ኳ ይልና ዝም ይላል፣ ደግሞ ኳ ይላል፤ ቫቭራም በጠራራ ቀን፣ በብርድ ልብስ በጋረደው መስኮት ስር በጀርባው ተንጋሎ፣ ከዚያ ድምፅ በኋላ ምን መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ሁለት ድምፅ ነው፤ አንዱ ወፍራም፣ ሁለተኛው ከእሱ የባሰ ወፍራም። የግራ እጁ ጣቶች ሳያዛቸው አንሶላው ላይ ይፈልጓቸዋል። ተኛ እንጂ አንተ ሰው፣ ይላል ራሱን፣ ማታ ሊጥ ይጠብቅሃል። እንቅልፍ ግን ተለምኖ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ከማቡኪያው ማሽን ጋር ቆሞ ያድራል፣ ማሽኑ በዞረ ቁጥር ጎኑ ላይ ያለው የላላ ብሎን ጠቅ ይላል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ልክ የድሮ ጓደኛው ዝቢሼክ ከበሮውን ሲመታ ዘግየት እንደሚለው፤ ጠዋት የሽቱትጋርት ከተማ ወደ ሥራዋ ስትሮጥ እሱ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያኔ አምስቱም የሙዚቃ ጓዶቹ ይመጣሉ። አይናገሩትም፣ አይወቅሱትም። ዕቃቸውን ዘርግተው ይጫወታሉ። እሱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ብቻ ባዶ ትተው።

በሩ ተንኳኳ። አይ፣ አልተንኳኳም፣ እጀታው ላይ የተንጠለጠለችው የእንጨት ሰሌዳ ናት፣ ነፋስ አወዛውዟት። ሰሌዳዋ በሩ ላይ የተንጠለጠለችበት ሰው በዚያ ሳምንት የሕንፃውን ደረጃ ይጠርጋል። ቆሸሸም አልቆሸሸም ይጠርጋል። ገና እንደመጣ ሰሞን ደረጃው ንጹሕ መሆኑን አየና ሰሌዳዋን ዝም ብሎ ወደ ጎረቤቱ በር አሻገራት፤ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሄበርለ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ አጣምረው፣ ቫቭራን በቤተሰብ ስሙ እየጠሩ መጡ።

«አቶ ክሊመሽ፣ ደረጃው አልተጠረገም።»

«ንጹሕ ነው እኮ ወይዘሮ ሄበርለ፣ ይመልከቱት።»

«ንጹሕ መሆኑንማ አያለሁ። አልተጠረገም ነው ያልኩዎት።»

ጠረገ። ንጹሑን ደረጃ ከላይ እስከ ታች እየጠረገ ብቻውን ሳቀ፣ ሳቁም መሃል ላይ ቆመበት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግረው ለሲልቨስትር ነበር፣ ሲልቨስትር ሰምቶ አይስቅም፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያስብና በማግስቱ ከእሱ ሙዚቃ ያወጣበታል፣ ማለቂያ የሌለው ደረጃ፣ ማንም ያላቆሸሸው፣ አንድ ሰው የሚጠርገው። ሲልቨስትር። ነገሩ ሁሉ ከሲልቨስትር የፊት ጥርስ ጀመረ ቢባል ውሸት አይሆንም። መጀመሪያ አገራቸው፣ ብርኖ ከተማ ውስጥ፣ የዳንስ ሙዚቃ ጓድ ነበሩ፣ ስድስት ጎረምሶች፣ በሠርግ ላይ፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ግብዣ ላይ፣ ስብ ተቀብቶ ጨው የተነሰነሰበት ዳቦ በሽንኩርት እየበሉ ባልቴቶችን የሚያስጨፍሩ፤ ሲልቨስትር ትራምፔት ይነፋል፣ ቫቭራ ቁመቱን የሚበልጠውን ትልቁን ባስ እንደ ሰከረ አጎት ደግፎ ይቆማል፣ ዝቢሼክ ከኋላ ከበሮ ይመታል። የሚለማመዱት ቫቭራና እህቱ አፖሌና በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የሕንፃው ማሞቂያ፣ ቦይለሩ አጠገብ፣ ስማቸውንም ከእሱ ወሰዱት፤ ሰማያዊው ቦይለር። አንድ ክረምት ላይ በረዶ ሜዳ ላይ ሆኪ ሲጫወቱ የአንዱ ዱላ የሲልቨስትርን አፍ አገኘው። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ትራምፔት አይነፋም። ቫቭራ ሊጠይቀው ሄደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«አለቀልኝ» አለ ሲልቨስትር በተሰነጠቀ ከንፈሩ።

«እጅህም ተሰበረ እንዴ?»

«እጄማ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ይኸው ነው። ይህን ያለው ቫቭራ ነው፣ ማንም አይደለም፣ ይህን ማንም አይወስድበትም። ሲልቨስትር ተነሣና ከአንድ የባህል ቤት መጋዘን የተሰበረ ኤሌክትሪክ ፒያኖ አገኘ፣ ጠገነው፣ ድምፁ እንደ መስታወት የሚሰበር ሆነ፣ የትልቁ ባስ ድምፅ ደግሞ ከዚያ ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ ቫቭራ የአፖሌናን የልብስ ሣጥን በር ነቀለ። ከእሱ ጠርቦ፣ ከወታደር ሬዲዮ ማዳመጫ የፈታውን ማግኔት ተክሎበት፣ የፒያኖ ሽቦ ወጥሮበት ባስ ጊታር ሠራ። አፖሌና አልቅሳ ሣጥኗ ላይ መጋረጃ ሰቀለችበት፣ ለሁለት ወር አላናገረችውም። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያሰማ ከምድር ቤቱ ጣሪያ አቧራ ረገፈ፣ ዝቢሼክ ዱላዎቹን ጥሎ «አንተ በሬ!» አለ፣ ዝቢሼክ የሚወደውን ሰው ሁሉ በሬ ነው የሚለው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ባልቴት በሰማያዊው ቦይለር አልጨፈረችም። ያረጁት ጃዝ አፍቃሪዎች ኮታቸውን አንስተው ይወጣሉ፣ ይሄ ጃዝ አይደለም የፋብሪካ ጩኸት ነው ይላሉ። ጸጉራቸውን ያሳደጉት ልጆች ያፏጫሉ፣ ይሄ ሮክ አይደለም የሂሳብ ትምህርት ነው ይላሉ። በአዳራሹ የሚቀሩት ጥቂት ተማሪዎች ናቸው፣ እነሱም አይጨበጭቡም፣ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ ምክንያቱም በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶ አያውቅም። በኋላ እነዚያ ጥቂቶች ብዙ ሆኑ። በኋላ ሙዚቃቸው በካሴት ከከተማ ከተማ ይዞር ጀመር። በኋላ ከድንበሩ ማዶ፣ ከምዕራቡ፣ ፍራንክፈርት ጠራቸው።

ፍራንክፈርትን አታስብ። ተኛ።

ግን ያስባል፣ ያ ምሽት ላይ ቆሟል፣ አሁን እዚያ ነው፣ መብራቱ ዓይኑ ላይ ነው፣ የልብስ ሣጥን በሩ ሆዱ ላይ ይነዝራል፣ ስድስቱም አንድ እንስሳ ሆነዋል፣ ሲልቨስትር ቀና ብሎ አይቶት ያንን ክፍተት ያለውን አዲስ ጥርሱን እያሳየ ይስቃል፣ ሕዝቡ ይነሣል። በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ቫቭራ ባሱን በሻንጣው ይዞ ወረደ። ሲጋራ ልገዛ ነው አለ ለዝቢሼክ። ሲጋራ ልትገዛ ባስ ይዘህ ትሄዳለህ እንዴ አላለውም ዝቢሼክ፣ አየው ብቻ። ለምን ቀረህ ብለው በየስደተኛ ቢሮው ጠየቁት፣ አስተርጓሚዋ ለነፃነት ነው በል አለችው፣ ለነፃነት ነው አለ፣ ማህተም መቱለት። እውነቱን ግን ማን ይተረጉምለታል? እውነቱ ይህ ነው፤ ያን ምሽት እንደዚያ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ምድር ቤቱ መመለስን ፈራ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ያነሰ ይሆናል ብሎ ፈራ። ለእንዲህ ያለ ነገር ማህተም የላቸውም።

እሱ ከቀረ በኋላ አምስቱ ከዓመት በላይ ከመድረክ ታገዱ። ሲልቨስትር ለአንድ ሆስፒታል ከሰል አካፋ። አፖሌና ሕፃናት ታስተምር ነበር፣ ወንድሟ ከድቶ የቀረ ሰው ልጅ አታስተምርም ተባለችና እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድስት ማጠብ ያዘች፣ ትላንት ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች ሳህናቸውን ያቀብሏታል። ይህን እሷ አልነገረችውም። ከእሷ የሰማው እጄ በሶዳ ተላጠ የሚለውን ብቻ ነው፣ የቀረውን እሱ ሞላው። እሁድ እሁድ ከባቡር ጣቢያው ይደውላል፣ መጀመሪያ ሁልጊዜ ሌላ ሰው መስመሩን እያዳመጠ የሚተነፍስ የሚመስል ድምፅ አለ፣ ከዚያ አፖሌና ትመጣለች፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ ፕለም ማርማላት ያወራሉ። በመጨረሻ እናታቸው መነጋገሪያውን ትቀበላለች። አትናገርም። ትተነፍሳለች ብቻ፣ በረጅሙ፣ እንደተኛ ሰው፤ እሱም ይተነፍስላታል፤ እንዲህ ሆነው መስመሩ ይቆረጣል።

አንድ ንጋት ላይ ደግሞ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ፣ ቱርኩ የሥራ ጓደኛው ሬዲዮኑን እያስተካከለ ሳለ፣ ሰማቸው። እጁ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ሰማያዊው ቦይለር ነው፣ ያ እንደ መስታወት የሚሰበረው ፒያኖ ነው፣ ያ የሚዘገየው ከበሮ ነው፣ ግን ከስር ምንም የለም። ባስ የለም። ወለሉ የተነሣ ቤት ነው፣ ሰዎቹ አየር ላይ ቆመው ያወራሉ። ሌላ ባስ ተጫዋች አልተኩም። የሬዲዮው ሰው «ይህ ደፋር ባዶነት» አለ፣ «በአውሮፓ ጃዝና ሮክ ገና እንዲህ አልተጋቡም» አለ፣ «እነዚህ ሰዎች የዘመኑን ድምፅ ቀየሩት» አለ። ቱርኩ ምን ሆንክ አለው። ምንም፣ አለ ቫቭራ። ያኔ ነው እንቅልፉ ለይቶለት የሄደው። ቦታዬን ጠበቁልኝ፣ ይላል ለጣሪያው። ወይስ ቦታዬን ለዓለም ሁሉ እያሳዩ ነው፤ እዩት፣ ይኸው፣ እዚህ ቆሞ ነበር፣ ጥሎን ሄደ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ባሱ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ ከዚያ ንጋት ወዲህ አልነካውም።

ባለፈው እሁድ አፖሌና ከአየሩ ቀጥላ ስለ አክስት አወራች። አክስት የላቸውም።

«አክስታችን ተሽሏታል።»

ወዲያው ገባው፤ አክስት ማለት ሰማያዊው ቦይለር ነው። «መንገድ ትችላለች?»

«ትችላለች ነው የሚሉት። እናንተ ከተማ ልትመጣ ነው፣ የፊታችን እሁድ፣ በቀን። ከሞግዚቷ ጋር።»

ሞግዚት ያለችው ከቡድኑ ጋር የሚላከውን የመንግሥት ጠባቂ ነው። መስመሩ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አፖሌና ድምፅዋን አላወረደችም፣ የተማሪ ስህተት እንደምታርም ሆና ቀጠለች። «ቫቭራ፣ አንተ እንዳትጠይቃት። ባለፈው ጉንፋን የያዛት ከአንተ ነው። ስንት ጊዜ እንደተኛች ታውቃለህ።»

«በሩቁ ባያትስ?»

«አንተ በሩቁም ታስላለህ» አለች።

እሁድ መጣ። አልሄድም ብሎ ጢሙን አስተካከለ፣ አልሄድም ብሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ አልሄድም እያለ ትራም ላይ ወጣ። አዳራሹ ድሮ የትራም ጋራዥ ነበር፣ ሐዲዱ አሁንም ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ ይታያል፣ የመጡት ወጣቶች ናቸው፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙም አሉ። ከመጨረሻው ረድፍ ምሰሶ ጥግ ተቀመጠ። ወጡ። ሲልቨስትር ራሱ ላይ ጸጉር የለውም። ማን ወሰደበት? ፒያኖው አዲስ ነው፣ ሰውየው ግን ጎበጥ ብሏል፣ ትከሻው የከሰል አካፋ ትከሻ ነው። ዝቢሼክ ወፍሯል። በተሰባበረ ጀርመንኛ ሲልቨስትር ደህና ዋሉ አለ፣ ጀመሩ፣ ከዚያ በኋላ ቫቭራ የት እንዳለ አላወቀም። ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፣ ፍራንክፈርት ነው፣ ፋብሪካው ነው። ባዶው ቦታ በሬዲዮ ሲሰማ ቀዳዳ ነበር፤ እዚህ ግን የሆነ ነገር ሞልቶታል፣ ዝቢሼክ ነው፣ በእግሩ ትልቁን ከበሮ እየረገጠ፣ በእጁ ደግሞ የራሱን ድርሻ እየመታ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ላብ በአንድ ሰው ግንባር ላይ እየወረደ። ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ሲልቨስትር በግራ እጁ አንድ ነገር ነካ፣ ሁለት ድምፅ፣ አንዱ ወፍራም ሁለተኛው ከእሱ የባሰ ወፍራም፣ የቫቭራ ነበሩ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያ ቀን አቧራ ያረገፉት። አንዴ ብቻ ነካቸው። ቀጥሎ ሌላ ነገር ሆነ፣ ቫቭራ የማያውቀው፣ እሱ ቢኖር ጨርሶ የማይወለድ ነገር፤ ያን ሲሰማ ነው ተነስቶ የወጣው።

መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ፣ ውሃውን ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ውጭ ጭብጨባው እየበረደ ነው። አሁን ልሂድ፣ ሰው ሳይወጣ። በሩ ተከፈተ።

«አንተ በሬ!»

ዝቢሼክ ነው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እንፋሎት እየተነሣበት።

«ጢሙ ምንድን ነው? መነኮስክ እንዴ? ከምሰሶው ኋላ ስትሸጎጥ ከመጀመሪያው ነው ያየሁህ።»

«ዝቢሼክ፣ ውጣ። ሞግዚታችሁ ያይሃል።»

«ጓድ ሞግዚት ቡፌው ጋ ነው፣ ቋሊማ በሰናፍጭ እየዋጠ። ከዚያ የሚያነሳው ጦርነት ብቻ ነው።»

ተቃቀፉ፣ አልተቃቀፉም፣ ዝቢሼክ በእርጥብ ክንዱ አንገቱን ያዘውና ለቀቀው። ቫቭራ ደህና ነህ ማለት ፈልጎ የወጣው ሌላ ነው።

«ቦታዬን ለምን ባዶ ተዋችሁት?»

ዝቢሼክ አየው። ከዚያ ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ድካም ያለበት ነው። «አንተን ለመጠበቅ መስሎህ ነበር? አንተን ለመርገም? አይ ቫቭራ! ፈቃዱ ሲመለስልን አምስት ስም ነው ያጸደቁት። ስድስተኛ ሰው ማስገባት ከፈለጋችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ አሉን። ሲልቨስትርን ታውቀዋለህ፣ እሺ ባስ የለም ማለት ነው አለና ሄዶ ተቀመጠ። መጀመሪያ አፈርንበት። ከዚያ ለመድነው። ከዚያ ጋዜጣው ምን የመሰለ ባዶነት አለን፣ እኛም ወደድነው። አሁን ባስ የሚጫወት ሰው ቢመጣ የት ይቆማል?»

ውሃው ይወርዳል። ቫቭራ ዘጋው። ስንት ቀን ጣሪያ ላይ ያፈጠጠበት ነገር በአንድ ጸሐፊ ስንፍና ተፈታ፤ ቀለል ይለኛል ብሎ ጠበቀ፣ አልቀለለውም። ያልጠበቁት ሰው፣ ያልረገሙትም ሰው፣ ምን ይባላል?

ዝቢሼክ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ አየ፣ መልሶ ዘጋው። ድምፁ ተለወጠ። «የመጀመሪያው ቀን የት ሄድክ?»

«እ?»

«ፍራንክፈርት። ከአውቶቡሱ ወርደህ። ማን ዘንድ ሄድክ? ምን አልክ?»

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ለምን ይመስልሃል?»

ቫቭራ ወደ ኋላው ግድግዳውን ደገፈ። «ዝቢሼክ፣ ስማኝ። ሌሊት ሊጥ አቦካለሁ። ቀን አልተኛም። ንጹሕ ደረጃ እጠርጋለሁ፣ እየሰማኸኝ ነው? ያልቆሸሸ ደረጃ! እህቴ ድስት ታጥባለች። እናቴ በስልክ ትተነፍሳለች። ባሴ ፊቱን አዙሮብኛል። አንተ ሚስት የለህም እንጂ ወንድም አለህ፣ የወንድምህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ አይገቡም። ይገባሃል?»

«ስለ ደረጃ አልጠየቅሁህም። በየትኛው በር እንደሚወጣ ነው የጠየቅሁህ።»

«ሲልቨስትርስ?»

«ሲልቨስትር ሰው ሲቀንስበት ነው የሚጎላው!» አለ ዝቢሼክ። «አንተ ስትሄድ ዝነኛ ሆነ። እኔ ብሄድ ሐውልት ያቆሙለታል።» ጫማውን እያየ ቀጠለ። «አንተ ከሄድክ ጀምሮ በሁለት ሰው ፈንታ ነው የምመታው። አንተን በእግሬ፣ ራሴን በእጄ። ጉልበቴ ሌሊት ሌሊት ያብጣል። ለሲልቨስትር ብነግረው ሌላ ሙዚቃ ያወጣበታል። ደከመኝ ቫቭራ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ስለ ነፃነት ምናምን አትጠይቀኝ፣ ደከመኝ።»

ቫቭራ ለዚህ መልስ ነበረው፣ ብዙ መልስ፣ በየቀኑ አልጋው ላይ ሲያዘጋጀው የኖረ፤ ቢመለስ ኖሮ የሚለውን፣ አንድ ሰው ያን ጠዋት ክንዱን ይዞ ና ተመለስ ቢለው ኖሮ የሚለውን። አሁን የዝቢሼክ ክንድ ፊቱ አለ። ያዘው፣ አለ በልቡ፣ ይዘህ ወደ አውቶቡሱ አድርሰው። አልያዘውም። በጎን በር በኩል በወጥ ቤቱ አልፎ ወጣ፣ ሂድም ናም አላለውም፣ ድንጋይ ንጣፉን ይዞ ወደ ትራም ማቆሚያው ሄደ፣ ዞር ብሎ አላየም፣ ከኋላው የእግር ድምፅ አለ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ የሚዘገይ። ትራሙ መጣ። በፊተኛው በር ወጣ፣ አንድ ወፍራም ሰው ከአንገቱ ላይ ፎጣ ሳያወልቅ በኋለኛው በር ወጣ። ተራርቀው ተቀመጡ። ማቆሚያ አለፈ፣ ሌላ ማቆሚያ አለፈ፣ በየማቆሚያው በሩ ይከፈታል፣ በየማቆሚያው ቫቭራ ውረድ ለማለት አፉን ይከፍታል፣ በሩ ይዘጋል። አልጠራሁትም ይላል። አላባረርኩትም ይላል። እውነት ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለት እውነት ተደምሮ ይህን የሚያህል ውሸት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል።

ክፍሉ ገቡ። ዝቢሼክ ዙሪያውን አየ፤ አልጋውን፣ የተጋረደውን መስኮት፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ሻንጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ጎን ለጎን በሥርዓት አኖራቸው፣ አልጋው ላይ ጋደም አለና፣ ቫቭራ ሻይ ትፈልጋለህ ብሎ ሳይጨርስ፣ ተኛ። እንደ ድንጋይ። እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ። በዚያ አልጋ ላይ እንዲህ መተኛት ይቻላል ለካ። ቫቭራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዝቢሼክን ጉልበት አየ፣ በሱሪው ውስጥ እንኳ አብጦ ይታያል፣ የቀኙ። የእኔ ጉልበት ነው ይሄ፣ አለ፤ እኔ ልቆምበት የሚገባኝ።

ፀሐይ ወደ ጣሪያዎቹ ስታዘቀዝቅ ኮሪደሩ ላይ ያለው የወይዘሮ ሄበርለ ስልክ ጮኸ።

«አቶ ክሊመሽ! ስልክ! በእሁድ!» አሉ፣ እሁድን እንደ ስድብ አስረዝመው። «ደግሞ እንግዳ አለብዎት መሰለኝ። የሚያድር እንግዳ ይመዘገባል።»

መነጋገሪያውን ተቀበለ። መኪኖች ይሰማሉ፣ ከባድ መኪኖች፣ በፍጥነት የሚያልፉ። አፖሌና ናት ብሎ ነበር።

«ቫቭራ?»

ይህ ድምፅ ከፍራንክፈርት ወዲህ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ትንሽ አርጅቷል። ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ኑረምበርግ አጠገብ ነን፣ ነዳጅ ማደያ» አለ ሲልቨስትር። «ቁጥርህን አፖሌና ሰጥታኝ ነበር፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብላ። ሞግዚቱ በሌላኛው ስልክ ላይ ነው፣ ለሆነ ሰው እየማለ ነው። ብዙ ጊዜ የለኝም። እዚያ ነው?»

«እዚህ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ተኝቷል።»

«ጫማውን አውልቋል?»

«አውልቋል።»

መኪና አለፈ። ሌላ መኪና አለፈ። «እንግዲያው አይመለስም» አለ ሲልቨስትር። «እንዳታስነሳው። ጉልበቱን ያመዋል፣ የማላውቅ ይመስለዋል።»

ቫቭራ የሚለው ብዙ ነው፣ ይቅር በለኝ ሊል ነው፣ እኔ አልጠራሁትም ሊል ነው፣ ያቺን ሁለት ድምፅ ሰማኋት ሊል ነው፣ ነገ ምን ልትሆኑ ነው ሊል ነው። ሲልቨስትር ቀደመው።

«አንተ ከኋላ ነበርክ አይደል? ምሰሶው ጋ። ማንም እውነቱን አይነግረኝም፣ ሁሉም ደፋር ደፋር ይሉኛል። ከኋላ እንዴት ይሰማል?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ይህን ሰው በሙዚቃ ዋሽቶት አያውቅም፣ በሌላ ነገር እንጂ።

«ጥሩ ነበር» አለ። «ከማውቀው ሁሉ የበለጠ ጥሩ ነበር። ከበሮው ብቻ በዝቷል። ፒያኖህን ይውጠዋል።»

መስመሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንፈቀፈቀ፤ ቫቭራ ለቅሶ መስሎት ደነገጠ፤ ሳቅ ነው፣ የድሮው፣ በተሰበረ ጥርስ መሃል እየሾለከ የሚወጣው።

«በል የከበሮውስ ነገር ተስተካከለ» አለ ሲልቨስትር፣ ስልኩም ተዘጋ።

ወይዘሮ ሄበርለ በር ላይ ቆመው «ክፉ ወሬ ነው?» አሉት፣ ምን እንደመለሰላቸው አያስታውስም። ወደ ክፍሉ ተመለሰ። መጋረጃው ጠርዝ ላይ የቀረው ብርሃን ቀይ ሆኗል። ዝቢሼክ ዓይኑን አልገለጠም፣ አፉ ግን ተዘግቷል።

«ማን ነበር?»

«ሲልቨስትር።»

አልጋው ትንሽ ጮኸ።

«ምን አለ?»

«ይተኛ አለ።»

ዝቢሼክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ቫቭራ ነገ ጠዋት የትኛው ቢሮ ደጃፍ ሄደው እንደሚሰለፉ እያሰበ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ትንፋሹን አዳመጠ፤ የእንቅልፍ ትንፋሽና የእንቅልፍ ማጣት ትንፋሽ ይለያያሉ፣ ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ክፍሉ ጨለመ። ዝቢሼክ አልተኛም።